የማይከብድ ጣሪያ

ዶርካስ ያን ቀን ከማዋለጃው ክፍል ስትወጣ እጆቿን፣ የሌላ ሰው እጅ የተሸከመች ይመስል፣ ከሰውነቷ አርቃ ይዛቸው ነበር። እኩለ ቀን ነው። ቆርቆሮው ከፀሐዩ ብዛት እየተለጠጠ ቷ ቷ ይላል። ውስጥ አንዲት ልጅ እግር ሴት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። አጠገቧ በአበባማ ጨርቅ የተጠቀለለ፣ ድምፅ የሌለው ነገር አለ።

ሕፃኑ ሲወለድ ገላው ይፋጅ ነበር። ጥቂት ተነፈሰ፤ ከዚያ መተንፈሱን ተወው። ሙቀት ብቻውን ገደለው ብሎ የሚምል ሐኪም አይገኝም። ዶርካስ ግን ትምላለች። በዚያ ቆርቆሮ ሥር እናትየው ሌሊቱን አምጣ፣ ጠዋቱን አምጣ፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ ራሷን ስታ እንደነበር ያየችው እሷ ናት።

ወደ ባሕሩ ወረደች። ማዶ እሳተ ገሞራው ታቩርቩር እንደ ልማዱ ጭሱን እያትጎለጎለ ነው። ውሃው ዳር አንድ ወጣት እስከ ወገቡ ገብቶ በአሮጌ አጎበር የሆነ ነገር ያጠምዳል።

«ዓሣ እዚህ የለም» አለችው፤ ማንንም ማየት ስላልፈለገች ቶሎ እንዲሄድላት።

«ዓሣ አይደለም። ድንጋይ ነው የማጠምደው።»

«ባክህ ዛሬ ቀልድ የምሰማበት ቀን አይደለም።»

«እኔም አልቀለድኩም» አለና አንዱን ወረወረላት። ሳታስበው ቀለበችው። እሳተ ገሞራው ተፍቶት ባሕሩ ላይ ሲንሳፈፍ የሚኖረው ቀዳዳ ቀዳዳው ግራጫ ድንጋይ ነው። እጇ ላይ ምንም አልከበዳትም።

«ይሄማ እግራችንን የምንፈገፍግበት ነው። ልጅ ሆነን ጀልባ እያደረግን እንነዳው ነበር። ላንተ ምን ያደርግልሃል?»

«ጣሪያ።»

ትኩር ብላ አየችው። «ከሌይ ከተማ ይመጣል የተባለው መሐንዲስ አንተ ነህ?»

«ኤፔል እባላለሁ። አንቺስ?»

«እኔ የዛ ምድጃ ባለቤት ነኝ» አለች፤ በአገጯ ወደ ጤና ጣቢያው እያመለከተች።

ያን ጊዜ ነው ደም የደረቀባቸውን እጆቿን ያየው። ከውሃው ወጣ። «ምን ሆነሽ ነው?»

«ሕፃን ሞተብኝ።»

«እግዜር ያጽናሽ» አላላትም። «አይዞሽ»ም አላለም። ከቦርሳው የመጠጥ ውሃውን አወጣና በዝምታ እጇ ላይ ያፈስላት ጀመር። እስኪያልቅ ድረስ አፈሰሰላት። ዶርካስ ታጠበች። ቀና ስትል ሰውዬው እጆቿን እንጂ ፊቷን አያይም ነበር፤ ስታለቅስ ያላያት ለመምሰል። በኋላ ለራሷ እንደነገረችው፣ የወደደችው ያኔውኑ ነው።

*

አዲሱ የማዋለጃ ቤት ግድግዳው ቆሟል። ያልተቆረጠው የጣሪያው ነገር ነው። መንደሩ ማንጎው ሥር ተሰበሰበ፤ ሴቶቹ አንድ ወገን፣ ወንዶቹ አንድ ወገን፣ ሁሉም ቡዋዩን፣ አፍ የሚያቀላውን ፍሬ፣ እያኘከ።

«እንደ ድሮው ቆርቆሮ እናልብሰው» አሉ አንዳንዶቹ። «የከተማ ቤት ይመስል በደህና ኮንክሪት ይደፈን» አሉ ሌሎቹ።

ኤፔል ተነሳ። «ቆርቆሮ ወሬኛ ነው» አለ። «ፀሐይ የነገረችውን ሳያሳድር ውስጥ ላለው ሰው ያወራል። የተለመደው ኮንክሪት ደግሞ ቂመኛ ነው። ቀን የተቀበለውን ይዞ ይውልና ማታ ሰው ሊተኛ ሲል ያወጣዋል። ደግሞ ከባድ ነው። ምድራችን መንቀጥቀጥ እንደምትወድ ታውቃላችሁ።»

«ያንተውስ ድንጋይ?» አለች ያቲናይ። ያቲናይ የጤና ጣቢያው ጎረቤት ናት፤ ባሏን በምላሷ፣ ሌላውን ሰው በሳቋ የምታስተዳድር ሴት።

«የኔው ድንጋይ ጆሮው የማይሰማ ሽማግሌ ነው። ሆዱ ሁሉ አየር ነው። ፀሐይ አናቱ ላይ ቆማ ስትጮህ ብትውል፣ ወሬው ወደ ታች እስኪደርስ ይመሻል። ከሲሚንቶ ጋር አቡክቼ ጠፍጣፋ ሶሌታ አደርገዋለሁ። ከላይ ኖራ እቀባዋለሁ። ክብደቱ ደግሞ ከተለመደው በብዙ ይቀንሳል።»

«ባሌን ነው የሚገልጸው እኮ!» አለች ያቲናይ። «ሽማግሌ፣ ጆሮ የሌለው፣ ሆዱ አየር!» ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ።

ያልሳቁት ቶኪላንግ ብቻ ናቸው። ቶኪላንግ የዶርካስ እናት ወንድም ናቸው። በእኛ ዘንድ ልጅ የእናቱ ወገን ነው፤ መሬቱም በእናት በኩል ይወርዳል። ስለዚህ የዶርካስ አጎት ለሷ ከአባትም በላይ ናቸው። ቤቱ የቆመበት መሬትም በእሳቸው ቃል የሚሰጥ፣ በእሳቸው ቃል የሚነሳ ነው።

«ጨረስክ?» አሉት።

«ጨረስኩ አባቴ።»

«ድንጋይ ነው አይደል?»

«ድንጋይስ ድንጋይ ነው፤ ግን—»

«ድንጋይ ነው» አሉና በትራቸውን ይዘው ሄዱ። ስብሰባው በዚያው ተበተነ።

ኤፔል ማንጎው ሥር ብቻውን ቀረ። ዶርካስ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። ተራራው የፈነዳ ጊዜ ሚስታቸው አራስ ነበረች» አለችው። «ገና መቆም አልቻለችም። መኪና ፍለጋ ሮጡ። ሲመለሱ አመዱ ላይ ዝናብ ዘንቦበት፣ አመዱ እንደ ጭቃ ከብዶ፣ ጣሪያው እሷም ሕፃኑም ላይ ወርዷል። በእጃቸው ቆፍረው ነው ያወጧቸው። እኔ አልተወለድኩም ነበር። ከዚያ በኋላ አላገቡም። ቤታቸውም የሣር ክዳን ነው፤ እሱም ሥር አይተኙም፤ ደጅ ነው የሚያድሩት።»

ኤፔል ከመሬቱ አንድ ጠጠር አንስቶ በእጁ መዘነው።

«ታዲያ ትክክል ናቸው» አለ በመጨረሻ።

«እንዴት?»

«እንደሳቸው የሚፈራ ሰው ነው ጣሪያ መምረጥ ያለበት። እኔ በስሌት ነው የማውቀው፤ እሳቸው ግን ገላቸው ላይ ነው። እሳቸውን ካላሳመንኩ አልሠራውም።»

*

ድንጋዩን መልቀም ተጀመረ። ቀላል ሥራ አይደለም። ከባሕር የወጣው ሁሉ ጨው ጠጥቷል፤ ጨው ደግሞ ኮንክሪቱ ውስጥ የሚገባውን ብረት፣ ፌሮውን፣ ይበላል። በወንዝ ውሃ ደጋግመው ማጠብ ነበረባቸው። ከታጠበ በኋላም ከማቡካቱ በፊት ተነክሮ መጥገብ አለበት፤ አለዚያ የሲሚንቶውን ውሃ ራሱ ይጠጣዋል። ኤፔል ድርሻውን እየለዋወጠ ትንንሽ ናሙና ይሠራል፤ አንዱ በጣም ቀላል ሆኖ በእጅ የሚፈረፈር፣ አንዱ ጠንካራ ሆኖ የሚከብድ። መሃሉን ይፈልጋል።

ዶርካስ ሥራዋን ስትጨርስ ወንዙ ዳር ትወርዳለች። መጀመሪያ ለመርዳት ነው አለች። ኋላ ምክንያት መስጠት ተወች።

«ሲስተር፣ ይሄኛውን ያዢው እስቲ።»

«ሲስተር አትበለኝ። ሴት ስታምጥ ነው እንደሱ የምትለኝ።»

«እኔስ እያማጥኩ አይደል እንዴ? ስንት ናሙና ሆነ፤ አንዱም አልወለደ።»

ስትስቅ ጥርሷን በእጇ መሸፈን ልማዷ ነው። እጇ እርጥብ ድንጋይ ይዞ ስለነበር አልሸፈነችም። ኤፔል አየ። እንዳየ አወቀች። ውሃው በመሃላቸው ሄደ።

ከቤቷ ጎደሬ መሰሉን ታሮና በኮኮናት ወተት የተቀቀለ ቅጠል ታመጣለታለች። እሱ ስለ ሌይ ፋብሪካዎች፣ በልጅነቱ ስለሞተችው እናቱ፣ ሳያገባ ብቻውን ስላሳደገው አባቱ ይነግራታል። ስለ ሁሉም ነገር ተጫወቱ። አንድ ነገር ብቻ አልተጠያየቁም። እኛ አገር ሰው ሰውን ሲያገኝ ከስሙ ቀድሞ የሚጠይቀውን ነገር፣ «የእናትህ ወገን ማን ነው?» የሚለውን፣ ዶርካስ አልጠየቀችውም። እሱም አላነሳውም። አንዳንድ ቀን ጥያቄው ከንፈሯ ላይ ደርሶ ትውጠዋለች። ካልተጠየቀ መልሱ ገና ያልተፈጠረ ይመስላት ነበር።

*

መሃሉን ያገኘው ዕለት ኤፔል ቶኪላንግን ሊያነጋግር ሄደ። ሽማግሌው ደጃፋቸው ላይ መረብ ይጠግናሉ።

«አባቴ፣ ትንሽ ጣሪያ ሠርቻለሁ። አራት ቋሚ ላይ። ሰው ሥሩ መቀመጥ ይችላል። በሚስትዎ ላይ የወረደውን አምጥተው ይጫኑበት። አመድም፣ ውሃም፣ የፈለጉትን ያህል። እኔ ሥሩ እቀመጣለሁ።»

ቶኪላንግ መረቡን አስቀመጡ። «ቢወድቅስ?»

«ያኔ ትክክል ነበሩ ማለት ነው።»

በማግስቱ ጠዋት መንደሩ ሁሉ ወጣ። የድሮው አመድ እስከ ዛሬ በየዳገቱ ክምር ሆኖ አለ። ሴቶቹ በቅርጫት ተሸከሙ፤ ቶኪላንግ ግን ለማንም አልሰጡም፤ አካፋውን ራሳቸው ያዙ። ኤፔል አጎንብሶ ገባና ተቀመጠ። አመድ ተጫነ። ውሃ ፈሰሰበት። እንደገና አመድ። ሽማግሌው ሲያነሱ ሲጥሉ የሚጭኑ ሳይሆን የሚቆፍሩ ይመስሉ ነበር።

አንዱ ቋሚ ሲጥጥ አለ። ሰዉ ወደ ኋላ ሸሸ።

ዶርካስ ወደ ፊት ሄደች። ማንም ሳያስቆማት ጎንበስ ብላ ገባችና አጠገቡ ተቀመጠች።

«ውጪ! አብደሻል እንዴ?» አላት በሹክሹክታ።

«ጣሪያህን አታምነውም?»

«አምነዋለሁ።»

«ታዲያ ምን ያስፈራሃል?»

«አንቺ ስትገቢ ነው መፍራት የጀመርኩት።»

ከላይ የአካፋው ድምፅ ይሰማል። ፀሐዩ ውጭ ያነዳል፤ እነሱ ያሉበት ግን የዛፍ ጥላ ሥር ያለ ያህል ነው። ዶርካስ እጇን አንስታ የሶሌታውን ሆድ ነካችው። አይፋጅም። እሱም አጠገቧ ነካው። ከዚያ ሁለቱም እጆች ወረዱ፤ ሲወርዱ ግን አብረው ነበሩ። ምንም አልተነጋገሩም። በሕይወቷ ከዚያ የበለጠ የተነጋገረችበት ሰዓት እንደሌለ ግን ዶርካስ ታውቃለች።

አካፋው ቆመ። ቶኪላንግ ጎንበስ ብለው አዩዋቸው። የተያያዘውን እጅ አዩ።

«ውጡ» አሉ።

ወጡ። ጣሪያው አመዱን ተሸክሞ ቆሟል። ያቲናይ እልል ልትል አፏን ከፍታ ነበር፤ የሽማግሌውን ፊት ስታይ መልሳ ዘጋችው።

«የእናትህ ወገን ማን ነው?» አሉ ቶኪላንግ።

ኤፔል ዶርካስን አየ። ከዚያ መሬቱን። «ፒካላባ» አለ።

ከሰዉ መሃል «ዋይ» የሚል የሴት ድምፅ ወጣ። እኛ ሁለት ወገን ነን፤ ማርማርና ፒካላባ። ማርማር ከፒካላባ ይጋባል። የአንድ ወገን ልጆች ግን ከየትም ይወለዱ፣ ከዚህ በፊት አይተዋወቁ፣ ወንድምና እህት ናቸው። ይህን ለሚጥስ ያለን ቃል ልጆች ባሉበት አይነገርም። ዶርካስም ፒካላባ ናት።

ቶኪላንግ አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻል ነበር። «ጣሪያህ አሸንፎኛል» አሉ። «ጣሪያውን ሥራ። መሬቱን ሰጥቻለሁ፤ ቃሌ ነው። ሲያልቅ ግን ትሄዳለህ። ልጅቷ እህትህ ናት።»

*

ወንዙ ዳር ሲገናኙ ኤፔል ፊቱ የአንድ ሌሊት ሳይሆን የብዙ ዓመት ድካም ነበረበት።

«ታውቅ ነበር?» አለችው።

«ያንቺን ወገን ያቲናይ ገና ስመጣ ነግራኛለች። አንቺስ?»

«ጠርጥሬ ነበር። ማርማር ብትሆን ኖሮ ትነግረኝ ነበርና።»

«ዋና ከተማው፣ ሞርስቢ እንሂድ» አለ። «ዶርካስ፣ ስሚኝ። እዛ ወገናችሁ ማን ነው የሚል የለም። ሐኪም ቤቶቹ አዋላጅ ይፈልጋሉ። እኔም ሥራ አላጣም። ማንም አያውቀንም።»

«ይሄን ጣሪያ ማን ይሠራዋል?»

«ሌላ ሰው—»

«ሌላ ሰው የለም። ይዘኸኝ ከሄድክ አጎቴ መሬቱን ያነሳሉ፤ ደግሞ ማንም አይፈርድባቸውም። ድንጋይህም ያስነወራቸው ሰው ድንጋይ ይሆናል። ቆርቆሮው እዛው ይቀራል። እኔ ሞርስቢ ላይ እጄን በቀዝቃዛ ውሃ ስታጠብ፣ እዚህ የማን ልጅ እየተቃጠለ ነው እያልኩ ልኑር?»

«እኔንስ? እኔን ሳታስቢ ልትኖሪ ነው?»

«አንተንማ ሳስብ ነው የምኖረው!» ብላ ጮኸችበት። በእጇ የነበረውን ድንጋይ ወንዙ ላይ ወረወረች። አልሰጠመም። እየተንሳፈፈ ሄደ፤ ሁለቱም ቆመው እስኪታጠፍ ድረስ አዩት።

«አትወጂኝም ብዬ ብጠላሽ ይቀለኝ ነበር» አለ ኤፔል።

«እሱን እንኳ አልሰጥህም።»

*

ሥራው ተጀመረ። ኮንክሪቱ የሚፈስበት የእንጨት ቅርጽ፣ ካሳፎርማው፣ ተመታ፤ ፌሮው ተዘረጋ። ዶርካስ ቶሎ እንዲያልቅ ትጸልያለች፤ በአሮጌው ክፍል ሴቶች አሁንም ያምጣሉ። ጸሎቷን ሳትጨርስ ደግሞ ዝናብ እንዲዘንብና ሥራው እንዲስተጓጎል ትመኛለች። ከዚያ በምኞቷ ታፍራለች። ኤፔል ማዘግየት ይችል ነበር። ሲሚንቶ አልደረሰም፣ እንጨቱ ጠመመ ማለት ይችል ነበር። አንድም ቀን አላዘገየም። በዚህም የበለጠ ወደደችው፤ በዚህም የበለጠ ተናደደችበት።

ሶሌታው የተሞላ ዕለት መንደሩ ሁሉ ተሰልፎ በባልዲ ሲቀባበል ዋለ። ድንጋዩ ቀላል ስለሆነ ሴቶቹ ሁለት ሁለት ባልዲ እያነሱ ወንዶቹን ተሳለቁባቸው። ዶርካስ ከኤፔል አንድ ሰው ርቃ ቆመች። መሃላቸው የቆመችው ያቲናይ ናት።

«እኔ ባልዲ ብቻ ነው የማቀብለው» አለች ያቲናይ ሁለቱም እንዲሰሙ ዝቅ ብላ። «ሌላ የማቀብለው ቢኖረኝ አቀብል ነበር፤ የኔ ልጆች። ግን የለኝም።» ለመጀመሪያ ጊዜ አልሳቀችም።

ከዚያ ውሃ ማጠጣቱ መጣ። ጆንያ አንጥፎበት ጠዋትና ማታ ማርጠብ ነው። ይህን ኤፔል ለማንም አልሰጠም። ዶርካስ ከታች ሆና ባልዲውን በገመድ ትልክለታለች። ለመነጋገር የቀራቸው ይህ ብቻ ነበር፤ በሰው ፊት፣ በአደባባይ፣ በገመድ።

«ለምንድን ነው ቶሎ የማትተወው? ደርቋል እኮ» አለችው አንድ ቀን።

«ላዩ ነው የደረቀው። ቀስ ብሎ ሲደርቅ ነው የሚጠነክረው።»

«ሰውስ?»

ገመዱን ይዞ ቆመ። «ስለ ሰው አልተማርኩም» አለ።

ድጋፍ እንጨቶቹ የሚነሱበት ጠዋት ቶኪላንግ መጥተው ከደጅ ቆሙ፤ አልገቡም። ኤፔል ብቻውን ገብቶ እንጨቶቹን ከመሃል ጀምሮ አንድ በአንድ አወለቀ። በወለቁ ቁጥር ዶርካስ ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር አብሮ ይወልቅ ነበር። የመጨረሻው ወደቀ። ጣሪያው ዝም አለ። አልተነቃነቀም፤ አልተሰነጠቀም። ነጭ ኖራውን ለብሶ ፀሐይዋን እያየ ተቀመጠ።

የሚወስደው መኪና አስፋልቱ ዳር ቆሞ ጡሩንባውን ነፋ። ሽማግሌው እያዩ፣ ሰዉ እያየ፣ ኤፔል እጁን ዘረጋ። ሊላት የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለሷ ስም፣ ለሷ ክብር ሲል።

«ደህና ሁኚ፣ እህቴ።»

«ወንድሜ» ማለት ነበረባት። ሞከረች። አፏ እንቢ አላት። «መንገድ ላይ ውሃ ጠጣ» አለችው። «ሙቀት ነው።»

*

ዓመታት አለፉ። አዲሱ ቤት ውስጥ ብዙ ልጅ ተወለደ። በዚያ ቤት ልጅ አልሞተም አልልም፤ ይሞታል፤ የሰው ነገር ነው። ግን እንደዚያ እየተቃጠለ የሞተ የለም። ከማዶ መንደሮች ሴቶች በጀልባ ይመጡ ጀመር። እኩለ ቀን ላይ ያማጡና «ሲስተር፣ ብርድ ልብስ ስጪኝ» የሚሉ ነበሩ።

ዶርካስን የማርማር ወንዶች ጠየቁ፤ አንዱ ለጥሎሽ የሚሰጠውን የዛጎል ገንዘብ ጥቅል ይዞ ሦስት ጊዜ ተመላልሷል። «አልፈልግም» አለች። ቶኪላንግ አላስገደዷትም። ለምን እንደማትፈልግ አልጠየቋትም። ያቲናይ ብቻ አንድ ጊዜ «እርጅና ብቻውን አይገፋም፣ ልጄ» ብትላት «ገና አልጀመርኩትም» ብላ ዘጋቻት። ኤፔል ሌይ ላይ አንዲት መምህርት ማግባቱን ከያቲናይ ነው የሰማችው። ያን ቀን እንደ ወትሮዋ ዋለች። ማታ እናቷ ያቀረበችላትን አልበላችም፤ ያ ብቻ ነበር።

አንድ ጠዋት ምድር ተንቀጠቀጠች። እንደ ዘወትሩ አይደለም። ማንጎው ከሥሩ ተወዛወዘ፤ ባሕሩ ወደ ኋላ ሄዶ ተመለሰ። ከተማ ውስጥ በደህና ኮንክሪት የተደፈነ የአንድ ትልቅ መደብር ጣሪያ ወለሉ ላይ ተኛ፤ ሰው ስላልነበረበት እግዜር ይመስገን። በማዋለጃው ቤት ግን አንዲት ሴት አልጋ ላይ ነበረች፤ ልጁም አናቱ ብቅ ብሏል። መሮጥ አይታሰብም። ዶርካስ ሴትየዋ ላይ ጎንበስ ብላ፣ በጀርባዋ ሸፍናት፣ ዓይኗን ጨፍና ቆየች። ግድግዳው ሲያቃስት ሰማች። ፈራች። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላት፤ ማን እንደሠራው። ዓይኗን ገለጠችና «ግፊ» አለቻት፤ «ግፊ፤ አይወድቅም።»

ሲበርድ ቶኪላንግ በትራቸውን ጥለው እየሮጡ ደረሱ። በዚያ ዕድሜ እንዴት እንደሮጡ እንጃ። ዶርካስ ሕፃኑን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማለች። ሽማግሌው ሕፃኑን አዩ፤ ጣሪያውን አዩ። ቀስ ብለው፣ ቤቱ ከተሠራ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ደፉን ተሻግረው ገቡና አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

«የወንድምሽ ጣሪያ ቆመ» አሉ።

ከምድሩ መንቀጥቀጥ ይልቅ ያ ቃል ነው ያንገዳገዳት። ክፋት አልነበረበትም። እሳቸው የሚያውቁትን ትልቁን ምስጋና ነው የሰጡት።

«ያኔ እንዲህ ያለ...» ብለው ጀመሩ፤ አልጨረሱትም። በሁለት እጃቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

«አይነሱ አጎቴ» አለች። «ውሃ ላምጣልዎ።»

ስልኩ የጮኸው ከሰዓት በኋላ ነው። ሌላ ሴት ምጥ ይዟት ገብታ ነበርና ዶርካስ ማን መሆኑን ሳታይ በረንዳው ላይ ወጥታ አነሳችው።

«ሬዲዮ ሰማሁ» አለ። ድምፁ ትንሽ ወፍሯል። «ተሰነጠቀ?»

«አልተሰነጠቀም።»

«ማዕዘኖቹን አየሽ? ከምሥራቅ በኩል ያለውን?»

«ዞሬ አይቼዋለሁ። ምንም የለውም።»

የሁለቱም ትንፋሽ ይሰማል።

«ከሌላ ሰው ከምትሰሚ» አለ ኤፔል፣ «ሴት ልጅ ወልጄአለሁ። ወሯ ነው።»

ዶርካስ የበረንዳውን ቋሚ ያዘች። «ስሟን ማን አላችኋት? የኔን ስም ካልከኝ ስልኩን እዘጋዋለሁ።»

«አይደለም። ሎርና ነው። እናቷ ናት ያወጣችላት። እኔ... ስም አውጣ ስትለኝ አልቻልኩም። ወደ አፌ የሚመጣው ሌላ ስም ስለሆነ አልቻልኩም።»

«ጥሩ አደረግህ» አለች። «ለሕፃኗም፣ ለእናቷም ጥሩ አደረግህ። አሁን ሰው እየጠበቀኝ ነው።»

«ዶርካስ—»

«ሰው እየጠበቀኝ ነው፣ ኤፔል።»

ዘጋችው። ጥቂት ቆማ፣ በእጅጌዋ ፊቷን ጠረገችና ገባች። አልጋው ላይ ያለችው ሴት በሁለቱ ምጥ መሃል ቀና ብላ አየቻት።

«ሲስተር፣ ምን ሆነሻል? ዓይንሽ ቀልቷል።»

«ላብ ገብቶበት ነው።»

ሴትየዋ ብርድ ልብሱን ወደ ደረቷ ሳበች። «እዚህ ቤት ውስጥ?» አለች። «እዚህ ቤት ውስጥ ምን ላብ አለ?»